ከአርካዊት ጣራ እስከ ካርቱም ሁለት

በ2014 ዓ.ም. በጥቅምት መግቢያ፣ ካርቱም ሁለት ካለው ትምህርት ቤታችን አስተምሬ ስመለስ፣ ሱቅ ዐረቢ ገበያ፣ ሀፍላ የሚሉት የከተማ አውቶቡስ መሳፈሪያው ላይ ጎረቤቴን ጋሽ በላይነህን አገኘኋቸው። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ በስደት ካርቱም ከገቡ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሆኗቸዋል። አጠገባቸው የሠፈራችን የአርካዊት ልጅ ጸሐይወርቅ ሁለት ነጫጭ ዲሾች ታቅፋ ቆማለች። መሐንዲስ ናት።

«ጋሼ፣ ጣራዎን ይፍቀዱልን» ትላቸዋለች። «አንዱን ትምህርት ቤቱ ጣራ ላይ፣ አንዱን እርስዎ ጣራ ላይ እንተክላለን። ፊት ለፊት ከተያዩ መስመር ይቀባበላሉ፤ የአርካዊት ልጆችም በየቤታቸው ሆነው ይማራሉ።»

«እኔ ቴሌቪዥን አላይም፣ ልጄ።»

«የቴሌቪዥን አይደለም፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ገመዱስ?»

«በአየር ነው የሚሄደው።»

«በዚህ ሁሉ አቧራ? የጸጥታ ሰዎች መጥተው ‹ምንድን ነው?› ቢሉኝስ? ራሴ የማላውቀውን ምን ብዬ ላስረዳ?»

«የፈቃዱን ወረቀት እሰጥዎታለሁ። ያልገባዎትን ደግሞ ደጋግመው ይጠይቁኝ።»

እውነቱን ለመናገር እኔም ግራ ገብቶኝ ነበር። ሆኖም ያልገባን ነገር ሁሉ ክፉ እንዳልሆነ ተማሪዎቼን እየመከርኩ ዝም ማለት አሳፈረኝ። «አንድ ወር ይሞክሩት» አልኳቸው።

«ኢንሻአላህ። ራሴን ካመመኝ ግን አወርደዋለሁ» ብለው ፈቀዱ።

ዲሹ በተተከለ በሳምንቱ፣ ሰኞ ማለዳ፣ ከተማው ተተራመሰ። መንግሥት ተገለበጠ ይላል አንዱ፤ የለም፣ ወሬ ነው ይላል ሌላው። ስልክም ኢንተርኔትም ጠፋ፤ መንገዱ በድንጋይና በጎማ ተዘጋ። የጋሽ በላይነህ ልጅ ሐመልማል፣ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ፣ ጎሕ ሲቀድ ወደ ሥራ ወጥታለች። እሳቸው ጫማቸውን አጥልቀው በእግራቸው ሊፈልጓት ሲወጡ፣ ተኩስ ይሰማ ነበርና በር ላይ ያዝኳቸው።

ጸሐይወርቅ እየሮጠች መጣች። «ጋሼ፣ ያላ፣ ቶሎ ይምጡ፣ ወደ ጣራ!»

«ሸበካው፣ ኔትወርኩ፣ ተቆርጦ የለም እንዴ?»

«የተቆረጠው ከኩባንያው የሚመጣው ነው። ይሄ ከጣራ ጣራ ነው፤ መካከል ላይ ማንም የለበትም። መብራት ቢጠፋም በባትሪ ይሠራል።»

ጣራው ላይ ወጥተን፣ ከዲሹ መስመር ጋር ባገናኘችው ስልክ ወደ ትምህርት ቤቱ ደወለች። ጥቂት ቆይቶ «አባባ!» የሚል ድምፅ ወጣ። «ደኅና ነኝ። በሩን ዘግተን ውስጥ ነን። መንገዱ ላይ ወታደር ሞልቷል፤ በእመቤቴ፣ እንዳይመጡ!»

ጋሽ በላይነህ ስልኩን ትተው ወደ ዲሹ ዞሩ። «እሺ ልጄ፣ አልመጣም! አልመጣም!» እያሉ ጮኹበት፤ ከዚያ ጫማቸውን አውልቀው ሲሚንቶው ላይ ተቀመጡ።

ያን ዕለት ጎረቤታችን ዘምዘምም የልጆቿን ድምፅ በዚያው መስመር ሰማች፤ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ነበሩ። ሐመልማል በሦስተኛው ቀን ቤቷ ገባች።

ሁከቱ ሲበርድ ልጆቹ በዚያው መስመር በየቤታቸው ትምህርት ቀጠሉ። ጋሽ በላይነህም መስመሩ እንዲሰፋ ጣራ አንሰጥም ካሉ ሰዎች ደጅ ከጸሐይወርቅ ጋር ይዞሩ ጀመር። ሲናገሩ ሰምቻለሁ፦

«ድምፁ እንዴት እንደሚሄድ ዛሬም በቅጡ አልገባኝም። ግን ባልገባኝ ነገር ፈርቼ እንቢ ብዬ ቢሆን ኖሮ፣ ያን ዕለት ተኩሱ ውስጥ እገባ ነበር። እናንተ አሁኑኑ ጠይቋት፤ ጭንቅ ሲመጣ ለጥያቄ ጊዜ የለም።»