በሁለቱም ጎን ይነሣ ይሉ የነበሩት የውሾች ሐኪም

ዛሬ የምንሸኛቸው ታላቅ ወንድማችን ከልብስ ሰፊው አባታችንና ከአዋላጇ እናታችን የቤቱ በኩር ሆነው ከስድሳ ሦስት ዓመት በፊት ተወለዱ። በልጅነታቸው ጆሯቸውን በጎረቤት ውሻ ደረት ላይ ለጥፈው ሲያዳምጡ ስለሚውሉ የሰፈር ልጆች «ዶክተር» እያሉ ያሾፉባቸው ነበር፤ ሹፈቱም እንጀራቸው ሆነ። የእንስሳት ሕክምና ትምህርታቸውን በማዕረግ ጨርሰው በአንድ ትልቅ ክሊኒክ የራጅ ክፍል ተቀጠሩ፤ በካርድ ክፍሉ ይሠሩ የነበሩትን ባለቤታቸውንም አግብተው ሁለት ሴቶች ልጆች ወለዱ።

በሥራቸው ላይ የማይለቁት አንድ ነገር ነበራቸው። ውሻ በጎኑ ሲተኛ ታች የዋለው ሳንባ ስለሚጨፈለቅ በውስጡ ያለ የካንሰር እብጠት ፊልሙ ላይ ሊሰወር ይችላል፤ ስለዚህ የሚያስል ውሻ ሁሉ ተገልብጦ በሁለቱም ጎን ራጅ ይነሣ ይሉ ነበር። የክሊኒኩ ኃላፊ ግን ፊልም እንዳይባክን አንድ ጎን ይበቃል ብለው አዘዙ። የአንድ ባለሥልጣን ውሻ በመጣ ጊዜም ኃላፊው አንዷን ፊልም አይተው «ንጹሕ ነው» ሲሉ፣ ወንድማችን ሌላው ጎን እንዲነሣ ካርዱ ላይ ጽፈው ፈረሙ። ውሻው በሦስተኛው ወር በሳንባ ካንሰር ሞተ። ጥፋተኛ ሲፈለግ ያ የካርዱ ገጽ ተቀድዶ ተገኘ፤ ፊልሙን ያነበቡት ወንድማችን ናቸው ተባለና ወደ ክትባት መጋዘን ተጣሉ፤ እዚያም አሥራ አንድ ዓመት ተቀመጡ።

ውሾቹ ግን አልረሷቸውም። ለራጅ የሚመጡት ኮሪደሩ ላይ ሲደርሱ ገመዳቸውን ወጥረው በመጋዘኑ በር ላይ ይተኙ ጀመር፤ ወደ ላይ ያደረጉት ጎን ኋላ እብጠቱ የሚገኝበት ሆነ። የጽዳት ሠራተኛዋ ይህን ካዩ ወዲህ በዚያ በር አላለፉም።

ባለፈው ዓመት የገዛ ውሻቸው፣ ሳል እንኳ የማታውቀው፣ በየማለዳው ከፊታቸው መጥታ ግራ ጎኗን ወደ ላይ አድርጋ ትተኛ ጀመር። ወንድማችን ሆስፒታል ሄደው ከፊት ብቻ ራጅ ተነሡና «ምንም የለብዎትም» ተባሉ። ከጎንም አንሡኝ ቢሉ ወጣቱ ሐኪም «አባቴ፣ እርስዎ እኮ ውሻ አይደሉም» ብለው ሳቁ። እሺ ብለው ከጎን ሲያነሷቸው ግን ከልባቸው ጀርባ፣ በግራ ሳንባቸው ላይ፣ እብጠቱ ተቀምጦ ነበር። ከዚያ በሰባተኛው ወር ከዚህ ዓለም ተለዩ።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውን፣ ይህን የማነበውን ታናሽ ወንድማቸውንና ውሻቸውን ትተው ሄደዋል። ውሻዋ ከትናንት ጀምሮ የለቀስተኛውን ወንበር ስታሸትት ቆይታ፣ ዛሬ ጠዋት ጡረታ በወጡት የክሊኒኩ ኃላፊ እግር ሥር ቀኝ ጎኗን ወደ ላይ አድርጋ ተኝታለች፤ አሁንም እዚያው ናት። እኔ ብሆን ዝም ባልኩ ነበር። ሟች ግን በመጨረሻው ሳምንት እጄን ይዘው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ውሻዋ እግሩ ሥር ከተኛች ንገረው ብለው አስምለውኛል።

ፈጣሪ የወንድማችንን ነፍስ ጥላ በማይሰወርበት ብርሃን ያሳርፍልን፤ ኃላፊውም በሁለቱም ጎን ይነሡ።