ዘጠኝ ጸሐፊ ያለው ሐብሐብ

ወደ ኡርጌንች የሚሄደው ታክሲ ሰው ካልሞላ አልነቃነቅም ብሎ፣ መምህሩ፣ ሁሉም «ዶምላ» የሚላቸው ሩዝመት፣ ኺቫ መናኸሪያ ላይ ሰማያዊ ማህደራቸውን በብብታቸው ሸጉጠው ከቆሙ ግማሽ ሰዓት አለፋቸው። የሚያራግፉበት ሰው ያጣ ንዴት ሆዳቸውን ሞልቶታል።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ዶምላ!»

ዞር ሲሉ ኖዚማ ናት፤ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ ብላለች። ከአምስት ዓመት በፊት ያስተማሯት ልጅ፣ ዛሬ ኡርጌንች በሚዘጋጀው የግብርና ጥናት መጽሔት ቤት ትሠራለች። ዶምላ በልባቸው «አላህ ሲያመጣት!» አሉ። የእናቷን ጉልበትና የወንድሟን ሠርግ በወጉ ጠይቀው ከጨረሱ በኋላ ማህደሩን ከፈቱ።

«ይቺን ወረቀት የላክሽልኝ አንቺ ነሽ?»

«አዎ ዶምላ፣ እኔ ነኝ።»

«እያንዳንዱ ጸሐፊ በጥናቱ ውስጥ የሠራውን በገዛ እጁ ጽፎ ይፈርም ይላል። ዘጠኝ ነን እኮ፣ ልጄ! የፋኩልቲያችን ዲን ‹ምን ሠራሁ?› ብለው መልሰው እኔኑ ጠየቁኝ። አማቼ ‹መኪና አውሻለሁ› ብሎ ጻፈ። የወንድሜ ልጅ ‹ለሥራ ዕድገት ያስፈልገኛል› ብሎ ጻፈ፤ እሱስ ቢያንስ አልዋሸም። አስተማሪዬ ደግሞ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ከሞቱ ሦስት ዓመታቸው ነው። መቃብር ወርጄ ላስፈርም?»

ኖዚማ ሳቋን ለመዋጥ ፊቷን ወደ ታክሲው መለሰች።

«ጥናቱን የጀመራችሁት እኮ ካለፈው ዓመት ወዲህ ነው።»

«ቢሆንስ! ያስተማሩኝ ሰው ከእኔ በላይ ካልተቀመጡ ሰው ምን ይለኛል? ፕሎቩ ከነሩዙና ከነሥጋው ሲቀርብ ታላቁን ከበሩ ርቆ ካለው ከክብር ቦታ አናስቀምጥም? ጥናትም ማዕድ ነው። ሩዝመት ብቻውን በላ ልባል?»

እዚህ ላይ በዶምላ ለመፍረድ አንቸኩል። ሰውየው ስስታም ቢሆኑ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር። ስማቸውን ለብቻው ወረቀት ላይ ማየት፣ ጎረቤት እያየ በር ዘግቶ እንደመብላት የሚያሳፍራቸው ደግ ሰው ናቸው።

«ዶምላ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሩዙ ውስጥ አሸዋ ቢገኝ እንግዳው አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው ያበሰለው ሰው ነው። ጥናት ላይ ስሙን ያስጻፈ ግን ‹እኔ ነኝ ያበሰልኩት› ማለቱ ነው።»

«ይጠየቅ! ማን ከለከለ?»

«ገምጋሚው ጠይቋል እኮ። ሁለተኛውን ገጽ አላዩትም? ‹በሦስተኛው ረድፍ፣ ድርቆሽ በተነጠፈባቸው የሸንበቆ መረቦች ከተንጠለጠሉት መቶ ሐብሐቦች አምስት ወር ሙሉ አንድ እንኳ ያልበሰበሰው እንዴት ነው?› ይላል።»

«ይሄ ምን ጥያቄ አለው? ግኝቱ እኮ እሱ ነው!» ዶምላ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉና ወዲያው ዝቅ አሉ። «ስሚኝ ልጄ። የሦስት መንደር ገበሬ በመጪው መከር ሐብሐቡን በዚህ ዘዴ ሊሰቅል ይህን ጥናት እየጠበቀ ነው። እኔም በሰኔ ጡረታ እወጣለሁ። ሠላሳ ስምንት ዓመት አስተምሬ በመጽሔታችሁ የወጣልኝ አንድ ጽሑፍ የለም። ያለችኝ ይቺ ብቻ ናት።»

ኖዚማ ጣቷን ሁለተኛው ገጽ ላይ አሳረፈች። «የበሰበሰውንና ያልበሰበሰውን የቆጠረው ማነው?»

«ማትያቁብ፣ የመጋዘኑ ዘበኛ።»

«ስሙ ከዘጠኙ ውስጥ አለ?»

«ዘበኛ ነው አልኩሽ እኮ!»

«መጋዘኑ ቅርብ ነው። ሄደን ለምን አንጠይቀውም?»

ሹፌሩ ሲሄዱ አይቶ ራሱን ያዘ። «ሁለት ሰው ይመጣል ብዬ ስጠብቅ ሁለት ሰው ይሂድብኝ!»

ማትያቁብ ከጭቃው መጋዘን በር ላይ ተቀምጦ የተበጠሰ መረብ ይቋጥር ነበር። ዶምላን ሲያይ ብድግ አለና የተቀመጠበትን ጆንያ አራግፎ አነጠፈላቸው።

«ማትያቁብ፣ ሦስተኛው ረድፍ ለምን አልበሰበሰም?»

«ማነው አልበሰበሰም ያለው?»

«አንተ ነሃ! በየሳምንቱ ‹መቶ ደህና› እያልክ ጻፍክልኝ!»

«መቶ ደህና ነበሩ። አንዱ ሲበሰብስ እሱን ጥዬ ከቤቴ ደህናውን አምጥቼ እሰቅል ነበር።»

ዶምላ ወደ እሱ አንድ እርምጃ ቀረቡ።

«ለምን? ሰውዬ፣ ለምን?»

«የመጀመሪያው የበሰበሰ ቀን ፊትዎን እርስዎ አላዩትም፤ ያየሁት እኔ ነኝ። ሻይ እንኳ አልጠጡም። ለሚስቴ ብነግራት ‹ሽማግሌ አይከፋም፣ ከኛ ወስደህ ስቀል› አለችኝ። ሠላሳ አንድ ነው የተካሁት፣ ዶምላ። ልጆቼ ያን ዓመት የሐብሐብ ጣዕም ረሱ።»

«ሠላሳ አንድ መሆኑን በምን አወቅህ?» አለች ኖዚማ።

ማትያቁብ ከኮፍያው ሥር የተጣጠፈ ደብተር አወጣ። እያንዳንዱ የበሰበሰ ሐብሐብ ከነቀኑ ሰፍሯል፦ ይሄ ከእንብርቱ ጀመረ፣ ይሄ በሩ አጠገብ ነበር፣ ይሄ ሲመጣም የተመታ ነው።

ዶምላ ጆንያው ላይ ዘፍ አሉ። ሦስቱ መንደሮች ታዩዋቸው፤ ገበሬዎቹ ተማምነው ሰቅለው፣ በጥር በሩን ሲከፍቱ ሲሸታቸው፣ ከዚያም «ሩዝመት የሚባለው የታል?» ሲሉ።

«አለቀልኝ» አሉ።

«አላለቀም፣ ዶምላ። ጥናትዎ እንደሚለው ድርቆሽ ከሌለው ረድፍ ከመቶው ስልሳ በስብሷል፤ ከዚህ ሠላሳ አንድ። ዘዴዎ ይሠራል። ብቻ የሚሠራውን ያህል እንጻፈው» አለች ኖዚማ።

«ዲኑስ? ከላይ የተቀመጡትን ሰውዬ በምን አንደበቴ ተነሱ እላለሁ?»

«አያስነሷቸው። እውነቱን ብቻ ይንገሯቸው።»

ዶምላ ስልካቸውን አወጡ፤ መልሰው ከተቱ፤ ደግመው አወጡ። በመጨረሻ ደወሉ።

«ክቡር ዲን፣ ጥናታችን ላይ ስሕተት ተገኘ። ስማችን ያለበት ሁሉ ልንጠየቅ ነው።»

«ስለ ጥጥ የሚለው?»

«ስለ ሐብሐብ የሚለው።»

«ሐብሐብ! እኔ ሐብሐብ በልቼም አላውቅ፣ ያመኛል! ስሜን አውጣ፣ ሩዝመት፣ አሁኑኑ አውጣ!»

አማቻቸው «የሄደው መኪናዬ ነው፣ እኔ ቤቴ ነበርኩ» አለ። የወንድማቸው ልጅ ስልኩን ዘጋ፤ ቆይቶም «አላውቃችሁም» የሚል መልእክት ላከ። የቀሩትም እርስ በርስ እየተደዋወሉ «ስማችንን አውጡ» አሉ፤ ማትያቁብ ያቀረበው ሻይ ሳይቀዘቅዝ ያ ሁሉ እንግዳ ማዕዱን ጥሎ ወጣ።

«ያልሸሹኝ አስተማሪዬ ብቻ ናቸው» አሉ ዶምላ ስሙን እያዩ።

«ለእሳቸው መጨረሻ ላይ የምስጋና ቦታ አለ። የአማችዎም መኪና እዚያ ይመሰገናል። ክብር ማንም አልነፈጋቸውም።»

ማትያቁብ ይህን ሁሉ ሲሰማ ቆይቶ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ዶምላ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ለሚጠይቅ ሰው ማትያቁብ ነው ያጠፋው በሉ። ስሜን ጻፉት።»

ዶምላ ከስሞቹ ዝርዝር ቀና አሉ።

«ከነጥፋቴ ጻፉኝ ያለኝ አንተ ብቻ ነህ» አሉና ቅጹን ከነእስክሪብቶው ሰጡት። «የሠራኸውን በእጅህ ጻፍ።»

ማትያቁብ ምላሱን በጥርሱ ነክሶ ጻፈ፦ «ቆጠርኩ። ሠላሳ አንድ ጊዜ ዋሸሁ። ደብተሩ ግን እውነት ነው።»

«እንዲህ ብሎ የጻፈልን ሰው የለም» አለች ኖዚማ።

«እንግዲህ ይኑር!» አሉ ዶምላ።

ጥናቱ ለሰኔ አልደረሰም። ዶምላ ጡረታ ወጥተው፣ የመሰናበቻው ፕሎቭ ተበልቶ፣ ከሁለት ወር በኋላ በሁለት ሰው ስም ታተመ፤ የመተካቱም ነገር ሳይሸፋፈን ሰፍሮ። ገበሬዎቹ በደብተሩ እየተመሩ የተመታውን ለይተው፣ የበሩን አጠገብ ባዶ ትተው ሰቀሉ። ዲኑም ስምዎን እናስገባ ሲባሉ «መጀመሪያ ምን እንደሠራሁ ንገሩኝ» ማለት ለመዱ፤ ስለዚህም በሰላም ይተኛሉ። የወንድማቸው ልጅ እንኳ ዕድገቱ ቢዘገይም፣ ለራሱ ጥናት ሽንኩርት ራሱ ዘርቶ ራሱ መቁጠር ጀምሯል። ያልሠራውን የማይፈርም ሰው ምን ያህል ጭንቀት እንደሚቀርለት ከእነዚህ ሰዎች ይታያል።

በጥር አንድ ገበሬ ደወለ።

«ይህን የሐብሐብ ጥናት የጻፈው ማነው? ከመቶው አሥራ ዘጠኝ በሰበሰብኝ እኮ!»

«እኛ ሠላሳ አንድ ነው ያልነው፤ አንተ በልጠኸናል» አሉ ዶምላ ፊታቸው እየበራ። «የጻፍኩት እኔ ነኝ። የትኞቹ እንደበሰበሱ ጽፈሃል? አልጻፍክም? በል ስልኩን ሳትዘጋ ቆይ፣ ማትያቁብን ልጥራልህ፤ እንዴት እንደሚቆጠር እሱ ያስተምርሃል።»