ወደ ስምንት ተመለሱ በላቸው

በጦርነቱ ለወራት ተቋርጦ የነበረው ኔትወርክ በተመለሰ ሰሞን፣ ከመርሳ ወደ ወልድያ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ አንዲት እናት አጠገባቸው ለተቀመጠ ሞባይል ጠጋኝ ስልካቸውን ሰጡት።

«መልእክቱን አልከፍትም አለኝ። ተበላሸ እንዴ?»

«አልተበላሸም፣ እማማ። አፑ አርጅቶ ነው። የእርስዎ ቨርዥን ስምንት ነው፤ አሁን አሥራ አንድ ደርሷል።»

«እኛ ጨለማ ውስጥ ተቀምጠን እነሱ ቁጥር ይቆጥራሉ?»

«አዲስ ባወጡ ቁጥር የድሮውን ይዘጉታል።»

«እንግዲያው አሥራ አንዱን ጫንልኛ!»

«ይህ ስልክ አሥራ አንድን አይችልም።»

«ያ አላህ! ወደ ስምንት ተመለሱ በላቸዋ!»

«ማንን አግኝቼ፣ እማማ?»

«ልጄ ወደ ደሴ ሲሸሽ ከውርጌሳ የላከልኝ ድምፅ እኮ ነው እዚህ ውስጥ ያለው! ሳልሰማው ባትሪው አለቀ፤ መብራቱም በዚያው ጠፋ። የሱም ወሬ እስከ ዛሬ አልተሰማም።»

ጠጋኙ ስልኩን ሲጎረጉር ቆየ።

«ድምፁ ስልኩ ላይ ለብቻው ተቀምጧል። ያለ አፑም ይሰማል።»

ከስልኩ የወጣት ድምፅ ወጣ፦ «እማ፣ ደህና ነኝ። ይህን እንደሰማሽ ቶሎ ደውይልኝ፤ እጠብቃለሁ።»

እኔ ከወልድያ በፊት ሲሪንቃ ላይ ወራጅ ነበርኩ፤ «ወራጅ አለ» ሳልል ወልድያ ገባሁ።