ያልታጠበው ፊት

አያ አድማሴ ሦስት ልጅ ቀብረው በስተርጅና ያገኟትን ካሰችን ከሰው ዐይን ለማዳን ያላደረጉት የለም። ፊቷን ጥላሸት ቀቡ፤ ውሃ እንዳይነካት ከለከሉ፤ በሰው ፊትም «ኩበቴ» እያሉ ይጠሯት ነበር። ልጅዎ እንዴት ናት ሲባሉ፣ «ምን ልጅ ናት ብላችሁ!» ይላሉ። በልባቸው ግን ባዩዋት ቁጥር ደስታው እንቅልፍ ይነሳቸዋል።

አንድ ቀን በአምባ ጊዮርጊስ ገበያ ልጅቷን አቅፈው ጨው ሲገዙ፣ ጎንደር ተምራ ነርስ የሆነችው የጎረቤታቸው ልጅ ሐረገወይን ድንገት አገኘቻቸው። እጅ ነሥታ ቀና ስትል በልጅቷ ዐይን ላይ የሰፈረውን ዝንብ አየች።

«አያ አድማሴ፣ ምነው ፊቷ አይታጠብም?»

«ልጄ፣ ምቀኛ መች ይጠፋል? ካማረች ይበሏታል።»

«ምቀኛ የለም አልልም፤ የሰው ባሕርይ ነው። ዐይኗን የሚያጠፋው ግን እድፉና ዝንቡ ነው። ደግሞስ እግዜር የሰጠዎትን ደስታ አልሰጠኝም ማለት ውሸት አይሆንብዎትም?»

«ልጄን ካቆየልኝ ልዋሽ! ሦስቱን አጥቤ፣ አሳምሬ ነው የቀበርኋቸው።»

ሐረገወይን ከቦርሳዋ የሽምብራ ቆሎ አወጣችና «እንኪ፣ እታለም» አለቻት። ካሰች ፈገግ ብላ እጇን ሰነዘረች፤ የጨበጠችው ግን ባዶ አየር ነበር። ደግማ ሞከረች፤ ደግማ ሳተች።

አያ አድማሴ ክው አሉ። «አታይም እንዴ?»

«ብርሃኑ ገና አልጠፋም። ከቆዩ ግን እኔም ምንም ማድረግ አልችልም።»

«እጠቢያት!» አሉ።

ፈልቶ የበረደ ውሃ ይዛ የደረሰችው እዚያው ገበያ ጠላ የምትሸጠው ጎረቤታቸው እናኑ ነበረች፤ ወልዳ አታውቅም፤ አያ አድማሴም ከሰው ሁሉ የሚሸሹት የእሷን ዐይን ነበር። ጥላሸቱ ታጥቦ የልጅቷ ፊት ብቅ ሲል፣ እናኑ «እሰይ! እመብርሃን ታሳድግልዎ!» እያለች በእልልታ መካከል አለቀሰች። ሽማግሌው አፋቸውን ይዘው ቀሩ። ስንት ዘመን የፈሩት የሰው ልብ ይህ ነበር ወይ?

ሐረገወይን የዐይን ቅባት ሰጠቻቸው፤ ጠዋትና ማታ ፊቷን ማጠብም አስተማረቻቸው። ከወር በኋላ ካሰች ጭናቸው ላይ ተቀምጣ ትክ ብላ አየቻቸውና፣ «አባ፣ ጢምህ ነጭ ነው!» አለች። ዓለም ያን ጧት የተፈጠረች መሰላቸው። ንጽሕና ዐይንን ያድናል፤ እውነት ደግሞ በገዛ ፍርሃታችን ያራቅነውን ጎረቤት ይመልሳል፤ ደስታም ተካፋይ ሲያገኝ ይበረክታል እንጂ አያልቅም።

በሌላ የገበያ ቀን አንድ መንገደኛ ልጅቷን አይቶ «እንዴት ናት?» ቢላቸው፣ አፋቸው እንደ ልማዱ ለውሸት ተከፈተ። ወዲያው ዐይናቸው በጠላ ጋኗ አጠገብ ቆማ ከምትስቀው እናኑ ላይ አረፈ።

«ሸጋ ናት!» አሉ፣ ገበያው እስኪሰማ። «ስሟም ካሰች ነው።»