የአባ ሰንጋው ዘመዶች

ወረታ ላይ፣ የደብረ ታቦሩ መንገድ ከሚገነጠልበት ቦታ ባጃጅ ስጠብቅ መሪጌታ አዛናውን አገኘኋቸው። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ እሳቸው በቀለም ትምህርታቸውም በከብት እርባታቸውም የተከበሩ አባት ናቸው። በዚያ ሰሞን አባ ሰንጋ የሚሉት በሽታ መጀመሪያ የጎረቤታቸውን የደስታውን በሬ፣ ቀጥሎም የእሳቸውን ላሞች ገድሎ ነበር።

“ደስታው ከይፋግ ገበያ ገዝቶ ያመጣብኝ ጣጣ ነው” አሉኝ በምሬት። “ከጋራ ግጦሻችን እንዲወጣልኝ ለሽማግሌ ልናገር እየሄድሁ ነው።”

ይህን ሲሉ ትርሲት ደረሰች። የቀድሞ ተማሪዬ ናት፤ አሁን በእንስሳት በሽታ ምርመራ ትሠራለች።

“እንደምን ዋሉ መሪጌታ? እርስዎን ፍለጋ መምጣቴ ነበር። የምርመራው ውጤት ደርሷል። በሽታው በአቶ ደስታው በሬ የመጣ አይመስልም።”

“በምን አወቃችሁ?”

“ጀርሞችን በየዘመዳቸው የሚለይ የኮምፒውተር ፕሮግራም አለን።”

“ኮምፒውተር የማን ዘር ቆጣሪ ነው ደግሞ!”

እሷ አልተቀየመችም። “መሪጌታ፣ መጽሐፍ ሲገለበጥ ጸሐፊው አንዲት ቃል ቢገድፍ፣ ከእሱ የሚቀዳውስ?”

“ግድፈቱን ይወርሳላ! ሁለት መጻሕፍት አንድ ዓይነት ግድፈት ካላቸው ከአንድ እናት እንደተቀዱ እናውቃለን።”

“ጀርምም ሲራባ ራሱን ይገለብጣል፤ አልፎ አልፎም ይገድፋል። ፕሮግራሙ ግድፈቶቹን እያስተያየ ማን ለማን እንደሚቀርብ ያወጣል።” ስልኳ ላይ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተሣለ ነገር አሳየቻቸው። “የላሞችዎና የአቶ ደስታው በሬ ጀርም ወንድማማች ናቸው። በይፋግ በኩል የተገኘው ግን ሩቅ ነው። ከሁሉም የሚቀርባቸው ይኸኛው ነው።”

“እሱ የማን ነው?”

ትርሲት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። “አምና የሞተብዎት በሬ፤ በድኑ ከወደቀበት አፈር ነው ያገኘነው።”

መሪጌታ ያን በሬ ቆዳውን ገፈው፣ በድኑን ግጦሹ ዳር ጥለውት ነበር።

“ፕሮግራማችሁ አይሳሳትም?”

“ሊሳሳት ይችላል። ዝምድናን እንጂ ማን ምን እንዳደረገም አይናገርም። ነገር ግን የአባ ሰንጋ ጀርም አፈር ውስጥ ብዙ ዓመት ይቆያል፤ ከብቱ ከሣሩ ጋር ይግጠዋል። እርስዎ ይህን አላወቁም።”

“አላወቅሁም” አሉ በረጅሙ ተንፍሰው። “ደስታውን ግን ሐሜት ኃጢአት መሆኑን እያወቅሁ ነው ያማሁት።”

የተማረ ሰው ሁሉ እንዲህ አይደፍርም። መሪጌታ ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሄዱ፤ የሄዱት ግን አንገታቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመው ነው። ደስታው ሮጦ ድንጋዩን አወረደላቸውና ትከሻቸውን ሳመ።

ከዚያ ወዲህ መሪጌታ ከቅዳሴ በኋላ ምእመኑን ሲመክሩ፣ “ድንገት የሞተ ከብት አትግፈፉ፣ አትብሉ፤ ባለሙያ ጥሩና በጥልቁ ቅበሩ፤ ከብታችሁንም በየዓመቱ አስከትቡ” ይላሉ። መንደሩ ሰማቸው፤ የሁለቱ ጎረቤታሞች መንጋ ዛሬም አንድ ሜዳ ላይ ይግጣል። የበሽታን ዘር ቆጥሮ ማወቅ ከብትን ያተርፋል፤ ያለ ጥፋቱ የተጠረጠረ ሰውንም ከሐሜት ያወጣል።