ዘይት የማያስለውጡት ሾፌር

ከመድኃኒት ቤቴ ወደ ቤት ስመለስ የጎረቤቴ መኪና ከዳገቱ ራስ ላይ ኮፈኗን ከፍታ ቆማ አገኘኋት። ጎረቤቴ ዕድሜያቸውን በከባድ መኪና ሾፌርነት የጨረሱ ሽማግሌ ናቸው። ሰፈርተኛው «ጋሽ መሪው» ይላቸዋል። መሪ ሲጨብጡ ስለኖሩ ነው የሚል አለ፤ ቤታቸውን የሚመሩት ሚስታቸው ስለሆኑ ለማጽናናት ነው የሚልም አለ። አጠገባቸው የእህታቸው ልጅ፣ የመኪና ጥገና ተምራ በቅርቡ የተመረቀችው ወጣት፣ እጅጌዋን ሰብስባ ቆማለች።

ከኋላ ወንበር ከሆስፒታል እየተመለሱ የነበሩት ባለቤታቸው ተቀምጠዋል። ሴትዮዋ የኩላሊት ሕመምተኛ ስለሆኑ በየሳምንቱ ከከተማው ማዶ ሆስፒታል እየተመላለሱ ደማቸው ይታጠባል። ወደዚያ የሚወስድ አውቶቡስ የለም፤ ያለቻቸው ይህችው አሮጌ መኪና ናት።

«ምን ሆና ነው ጋሼ?» አልኳቸው።

«ምንም አልሆነች። ትንሽ ደክሟት ነው።»

«አጎቴ፣ መኪና አይደክመውም» አለች ልጅቷ። «የዘይት መብራቱ በርቷል።»

«ከበራ ዘይት ጎደለ ማለት ነው። ይጨመራላታ! ይሄ ምን ትምህርት ቤት ያስገባል?» ብለው ጄሪካናቸውን አነሡ።

ልጅቷ የዘይት መለኪያውን ስባ በጨርቅ ጠረገችና መልሳ ነክራ አወጣችው። «ይኸው፣ ልኩ ላይ ነው፤ አልጎደለም። ግን ይዳስሱት።»

ሽማግሌው በሁለት ጣታቸው አሹት። እንደ ሬንጅ የጠቆረና የሚሻክር ነበር።

«ዘይት ሲሠራ መጥቆሩ ያለ ነው» አሉ። «ልጄ፣ እኔ ከሞተር ጋር ያረጀሁ ሰው ነኝ። ያረጀ ሞተር የለመደውን ዘይት አይነጥቁትም። ከለወጥሽው በየስፌቱ ማንጠባጠብ ይጀምራል። ወፍራም ወፍራሙን እየጨመሩ ዝም ማለት ነው።»

«ስለ ማንጠባጠቡ እውነትዎን ሊሆን ይችላል» አለች ሳትታበይ። «ያረጀ ላስቲክ ካለ ቆሻሻው ደፍኖት ኖሮ ይሆናል። እሱ ግን ይቀየራል። ሞተሩ ውስጡ ተበልቶ ካለቀ በምን እንቀይረዋለን? ደግሞ ለከባድ መኪናዎ የተስማማው ውፍረት ለዚህች አይስማማም። ጠዋት ሲያስነሷት የሚያንኳኳው ምን ይመስልዎታል? ወፍራሙ ዘይት እላይ እስኪደርስ ድረስ ብረት ከብረት እየተፋጨ ነው። የሚስማማትን ቁጥር ሠሪዎቹ መክደኛዋ ላይ ጽፈውታል።»

ጋሽ መሪው መክደኛውን አገላብጠው አዩት። «ይሄን የፋብሪካው ስልክ ነበር የመሰለኝ» አሉ።

እኔም በሙያዬ በኩል ገባሁ። «ጋሼ፣ ጊዜው ያለፈበት ሽሮፕ ላይ አዲስ ጨምሬ ብሰጥዎት ለእማማ ያጠጧቸዋል?»

«አንተን ነው እንጂ የማጠጣህ!»

ሁላችንም ሳቅን፤ እሳቸው ግን ጄሪካኑን አላስቀመጡም። ሰው በምክንያት ሲሸነፍ እንኳ እጁን የማይሰጥበት ጊዜ አለ። እንዲህ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ ያልተናገረው ነገር አለው። ይህንን ከእኔ ቀድመው ያወቁት ባለቤታቸው ነበሩ።

«ንገራቸው እንጂ» አሉ በመስኮቱ። «የፈራኸውን ንገራቸው።»

ጋሽ መሪው ጄሪካኑን ወደ ደረታቸው አስጠጉ። «አንድ ጊዜ በረሃ ላቋርጥ ስነሣ ዘይት አስለወጥኩ» አሉ በመጨረሻ። «ጋራዡ የማፍሰሻውን ብሎን ሳያጠብቅ ለቀቀኝ። መሐል በረሃ ላይ ዘይቱ ፈሶ አለቀና ሞተሩ ነክሶ ቀጥ አለ። ረዳቴና እኔ ውኃ ጨርሰን፣ ላንተርፍ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማንም ያንን ብሎን እንዲነካብኝ አልፈልግም። አሁን ደግሞ የምጭነው እሷን ነው።»

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። ልጅቷ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችምም።

«እንግዲያው እኔም አልነካውም» አለች። «እርስዎ ይፍቱት፣ እርስዎ ያጥብቁት። እኔ አጠገብዎ እሆናለሁ። ግን ይቺን ሞተር እንዲህ እንዳለች እማማን ጭነው ከወጡ፣ ያው የበረሃው ነገር እዚህ ይደገማል።»

ሽማግሌው ወደ ኋላ ወንበር አዩ። ጄሪካኑን መሬት አስቀመጡት።

መኪናዋ ተጎትታ ግቢ ገባች። በማግሥቱ ልጅቷ መክደኛው ላይ ባለው ቁጥር ዘይት፣ ከአዲስ የዘይት ማጣሪያ ፊልትሮ ጋር ገዝታ መጣች። ጋሽ መሪው በክሪክ የተነሣችውን መኪና በወፍራም ግንድ አስደግፈው ከሥሯ ገቡና የማፍሰሻውን ብሎን ፈቱ። አሮጌው ዘይት እየተጓተተ ወረደ፤ ከሥሩም ጭቃ የመሰለ ዝቃጭ ተከተለው።

«ይሄን ሁሉ ተሸክማ ነው?» አሉ ከሥር፣ ድምፃቸው ተለውጦ።

ብሎኑን መልሰው ሲያጠብቁ በረሃው ትዝ ብሏቸው ነው መሰለኝ ቁልፉን በሙሉ ጉልበታቸው ሳቡት። «አጎቴ፣ ይበቃል! የብሎኑን ጥርስ ይበሉታል!» ብላ ጮኸች። ከዚያ ፊልትሮውን ቀየሩ፤ አዲሱንም ዘይት በልኩ ሞሉ። ሲበዛም እንደሚጎዳ ያኔ ነው የሰማሁት። ጋሽ መሪው አሮጌውን ቦይ ውስጥ ሊደፉት ሲሉ ልጅቷ ተቀብላ በጄሪካን አድርጋ የተቃጠለ ዘይት ወደሚሰበስቡ ሰዎች ወሰደችው። «ውኃ ያበላሻል» አለች።

ሞተሩ ሲነሣ፣ ከቤት ከወጡት እማማ ጋር አራታችንም መብራቱ ላይ አፈጠጥን። ለቅጽበት በራና ጠፋ። ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ እየሠራ ብዙ ጠበቅን፤ አልተመለሰም። ሽማግሌው ተንበርክከው ብሎኑን በጣታቸው ዳሰሱ። ደረቅ ነበር።

«ተመስገን!» አሉና እዚያው መሬት ላይ ተቀመጡ።

ልጅቷ ግን ነገሩ በዚህ እንደማያልቅ ነገረቻቸው። ዝቃጩ ብዙ ስለነበር ቶሎ ተደግሞ ይለወጣል፤ መብራቱ ከተመለሰም ቆሞ ማስመርመር እንጂ መጨመር አይደለም። ጋሽ መሪው እንደ ተማሪ ሰሟት።

በሆስፒታሉ ቀን አብሬያቸው ሄድኩ። ጋሽ መሪው እየነዱ ያስተምሩኝ ጀመር። «ዘይት ማለት ያው ደም ነው። ይደክማል፣ ይቆሽሻል። በጊዜው ከለወጥከው አሮጌ ሞተርም ያገለግላል፤ የነዳጅ ፍጆታውም ይቀንሳል፣ መንገድ ላይም አትቀርም። ውድ ሳይሆን የሚስማማት ነው የሚፈለገው። ነገሩ ሳይቃጠል በቅጠል ነው!»

«ይህን ማን ነገረዎት?» አልኳቸው።

«የእህቴ ልጅ ናታ! የተማረ ሰው ቤትህ እያለ…» ብለው ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ድንገት ዝም አሉ። በመስታወቱ ወደ ኋላ አዩና ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

ሌላ ጊዜ መኪናዋ ትቆማለች ብለው እየፈሩ መንገዱን ሁሉ ወንበሩን ጨብጠው የሚጓዙት ባለቤታቸው ራሳቸውን መስኮቱ ላይ ጥለው እንቅልፍ ወስዷቸዋል።