ላሞቹን ያልቆጠረችው ልጅ እና መምህርት ሙዊካሊ

ዛሬ በጡረታ የምንሸኛት መምህርት ሙዊካሊ ወደዚህ መንደር የመጣች ዕለት ትምህርት ቤቱን ባዶ አደረገችው። ሳቁ፣ ግን እውነት ነው፤ ዘበኛው እኔ ነበርኩ፣ በሩ ላይ ቆሜ አይቻለሁ። ከማቻኮስ አውቶቡስ ወርዳ፣ ነጭ ጫማዋን አቧራ በልቶት፣ ልጆቹን ግራሩ ሥር ሰበሰበቻቸው። ከዚያ ጣቷን ቀሰረችና "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" እያለች ትቆጥራቸው ጀመር። አንዷ እናት መጣችና ልጇን በጨርቋ ሸፍና ወሰደች። ሌላዋ ተከተለች። መምህርት ቀና ስትል ከኔ በቀር ሰው የለም።

"አባባ፣ ልጆቹስ?"

"ሄዱ።"

"ምን አደረግኳቸው?"

"ቆጠርሻቸዋ። እናንተ አገር ሰው እንደ ባቄላ ይቆጠራል?"

ሰውና ከብት የፈጣሪ ነው። ቆጥሮ ሞትን የሚቀሰቅስ ማሳይ የለም። እሷ የሌላ ሕዝብ ሰው፣ ካምባ ናት፣ ከየት ታውቀዋለች? ሌላ ሰው ቢሆን በዚያው አውቶቡስ ይመለስ ነበር። እሷ በማግስቱ ቤት ለቤት ዞራ የልጆቹን ስም ተማረች። ከዚያ ወዲህ "ስንት መጣ?" ብላ አታውቅም፤ "ማን ቀረ?" ነው የምትለው።

እንግዲህ ጠባይዋን ታውቁታላችሁ። ጀሪካን ትገለብጥና ትቀመጥበታለች፤ እርሳሷን ጸጉሯ ውስጥ ሰክታ፣ ልጆቹ ሲጫወቱ ዝም ብላ ታያለች። እኔ ነገር አላሳልፍም፣ አንድ ቀን ጠየቅኳት።

"ደሞዝ የሚከፈልሽ ለመቀመጥ ነው?"

"ለማየት ነው አባባ ፓርሲሜይ።"

"እኔም ቀኑን ሙሉ አያለሁ፤ ምነው ጭማሪ አላገኘሁም?"

"ቀስ ይበሉ እስቲ። እነዚያ ሁለቱ ተጣልተው ነበር፤ እንዴት እንደሚታረቁ እያየሁ ነው።"

ደግሞ አፍ አታስከፍትም። "ያ ልጅ ሰነፍ ነው" ካልኳት "ሰነፍ የሚባል ነገር በዓይን አይታይም፤ ምን ሲያደርግ አዩት?" ትለኛለች። የምትጽፈው ያየችውን ብቻ ነው፤ ልጁ ምን እንዳለ፣ ምን እንዳነሳ፣ ለማን እንዳካፈለ። ይህን ነገር ባለቤቴ ሰማችና አሁን ጎረቤት ባማሁ ቁጥር "ምን ሲያደርግ አየኸው?" ትለኛለች። ቤቴ ሐሜት ጠፋ። ይህን በደል ይቅር አልልሽም።

አሁን ሳቁ ይብቃ። ልናገር የተነሳሁት ለሌላ ነው።

ያ ዝናብ የከለከለን ዓመት ትዝ ይላችኋል። አንደኛ ክፍል የሚገቡትን ልጆች ሊመዝን ከከተማ አንድ ወጣት ገምጋሚ መጣ። ክፉ ልጅ አልነበረም። የልጄን የኮይኔትን ልጅ፣ ናሲዬኩን ፊቱ አስቀመጠና ላሞች ያሉበት ሥዕል አሳያት።

"ስንት ላሞች አሉ?"

ዓይኗን ከሥዕሉ አሸሸች።

"ስንት ወንድምና እህት አለሽ?"

አንገቷን ደፋች። ጻፈ። ቁጥር አታውቅም፣ ንግግር አትችልም፣ ለትምህርት አልደረሰችም አለ። ኮይኔት አጠገቤ ቆሞ ሰማው። "ትምህርት ቤቱ ካልፈለጋት ፍየሎቹ ይፈልጓታል" አለ። ልጄ ነው፣ እዚሁ ተቀምጧል፣ ፊቱ ላይ ነው የምናገረው። ፍየል ተከትላ የቀረች ሴት ልጅ ቀጥሎ የሚጠብቃት ባል ነው። ይህን የማያውቅ እዚህ የለም።

መምህርት አልጮኸችም። "የጠየቅኸውን ጽፈሃል ልጄ፤ ያየኸውን ግን አልጻፍክም። ነገን ዋል" አለችው።

"መምህርት፣ ለአንድ ልጅ ሃያ ደቂቃ ነው የተፈቀደልኝ።"

"በሃያ ደቂቃ ጥጃ እንኳ አትላመድህም።"

በማግስቱ ሁለተኛ ጀሪካን ገለበጠችለት። ተቀመጡ። ልጆቹ እሾህ አጥረው በረት ሠሩ፤ ጠጠሮቹ ከብቶቻቸው ናቸው። ናሲዬኩ ከብቶቿን አስግጣ ስትመልስ አንዱ ተንኮለኛ አንዷን ጠጠር ደበቀባት። በረቱን አንዴ አየችው። "የጥቁሯ ላም ልጅ የለችም፣ አውጣ" አለችው። አልቆጠረችም፤ የጎደለችውን ግን አወቀች።

ኮይኔትና ባለቤቴም ሊያዩ መጥተው አጠገባችን ነበሩ። መምህርት ደግሞ "ናሲዬኩ፣ እዚህ ላለነው ትልልቆች ሁሉ የሻይ ስኒ አምጪልን" አለቻት። ልጅቷ እያንዳንዳችንን አየት አየት አድርጋ ወደ ወጥ ቤት ሄደች። ይዛ ስትመለስ ስኒ ያልደረሰው አልነበረም፤ የተረፈም የለም።

ያኔ ገምጋሚው ራሱ "ስንት ስኒ አመጣሽ?" አላት።

"አምስት። አንዱ ጆሮ የለውም።"

"ታዲያ ትናንት ላሞቹን ለምን አልቆጠርሽም?"

"እንዳይሞቱ።"

ገምጋሚው እርሳሱን አስቀመጠ። መምህርት አላፌዘችበትም። "እኔም የመጣሁ ዕለት እነሱን ራሳቸውን ነው የቆጠርኳቸው" አለችው። እሱ ግን ፈርቷል፤ አለቆቼ "መመሪያ ጥሰሃል" ይሉኛል አለ። "ለትምህርት ደርሳለች ብለህ በኔ ስም ጻፈው። ተሳስቼ ከተገኘሁ እኔን ያባሩኝ" ብላ ፈረመች። የዚያን ጊዜ እንጀራዋ ይህ ብቻ ነበር፤ ማቻኮስ የምትጦራት እናት ነበረቻት። ለሰው ልጅ ብላ የገዛ ጉሮሮዋን አስያዘች። እኔ ብዙ ጀግና አይቻለሁ፤ አንበሳ የወጉ እኩዮች ነበሩኝ። እንዲህ ያለውን ግን ከዚያ በፊት አላየሁም።

ናሲዬኩ አንደኛ ክፍል ገባች። ዘንድሮ ሁለተኛ ደረጃን ትጨርሳለች። እኔ ማንበብ አላውቅም፤ ይህን የምናገረውን ጽፋ የምትሰጥሽ እሷ ናት። ከፍ ዝቅ ያለ ቃል ካለ የኔ ነው።

መምህርት፣ ሰው ልጆቻችንን ሲመዝን አይተናል፤ የሌላቸውን ይፈልግና ያገኛል። አንቺ ያላቸውን እስክታዪ ተቀመጥሽ። ስለዚህ አመሰግንሻለሁ። ምስጋና ከአፌ እንደማይወጣ ታውቂያለሽ፤ ዛሬ ወጥቷል፣ ያዢው።

ለምትተካሽ ለአዲሷ መምህርትም አንድ ቃል አለኝ። ጀሪካኑ አለ፣ ጥላው አለ። ሳትቀመጪ በልጆቻችን ላይ አትጻፊ።

አሁን ኮይኔት፣ ተነስ። ውጭ ያሰርካትን ጥጃ ወዲህ አምጣት። ማንም አላዘዘውም፤ ከበረቱ ራሱ መርጦ ነው ያመጣት። ጥጃ የሰጠና የተቀበለ እኛ ዘንድ በስም አይጠራራም፤ እስከ ዕድሜ ልክ "ፓአሼ" ነው የሚባባለው። መንግሥት "መምህርት" ማለቱን ከዛሬ ጀምሮ ይተውሽ ይሆናል። እኛ ሌላ ስም ሰጥተንሻል። ማቻኮስም ብትሆኚ ጥጃሽ እዚህ ትወልዳለች፤ ልታዪያት መምጣትሽ አይቀርም።

ወተት የያዘ ወተቱን፣ ሻይ የያዘ ሻዩን ያንሳ። ስመርቅ እንደ አሜን "ናይ" በሉ።

ፈጣሪ ዓይንሽን አያድክምብሽ። ናይ።

ደጅሽን የልጅ ጫጫታ አይለየው። ናይ።

ዝናብ ባለበት ያሳድርሽ፣ እርጅናሽን ያለስልስልሽ። ናይ።

ኮይኔት፣ ምን ትጠብቃለህ? ገመዱን እጇ ላይ አድርግና በአዲሱ ስሟ ጥራት።

"ፓአሼ።"

በይ፣ መልሺለት።